መምህር ዳምጠው የመለሱት ሌንስ

የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጋሽ ዳምጠው ባደረባቸው ሕመም ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው፣ ባለፈው ሳምንት አርባቸው ወጥቷል። በቀብራቸው ዕለት ሦስት ሰዎች ንግግር አደረጉ፤ ሦስቱም ትሑት፣ ለሰው አሳቢ፣ ምክር ሰሚ ነበሩ አሏቸው። ከኋላ ቆሜ ስሰማ የሌላ ሰው ቀብር የመጣሁ መሰለኝ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይህን የመታሰቢያ ጽሑፍ እንድጽፍ ሲጠይቁኝም፣ የሚወዷቸው ሰዎች ሞልተው እኔ ለምን እንደተመረጥኩ ጠየቅኋቸው። ቴሌስኮፑን አብሬያቸው ተሸክሜ የዞርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው አሉኝ። እንግዲያው የማውቀውን እጽፋለሁ። ደስ የማይለው ገጹን ይዝለለው።

ለማታውቁኝ፣ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለኝ አልማዝ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌንስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ ዳምጠው ግን ስለ ሌንስ አንድ ነገር ታውቃለች ብለው አያውቁም። በስሜም አይጠሩኝም ነበር፤ «አንቺ ፎቶ አንሺ» ነው የሚሉኝ።

እሳቸው በወጣትነታቸው ከሌላ አካባቢ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። የአካባቢያችንን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ለምደው ከእኛ እኩል ያወሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ውጭ አገር ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ቴሌስኮፕ ከላከላቸው ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ደመና በተገለጠ ቁጥር ባጃጅ ተኮናትረው ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይወጣሉ። ቱቦውን እሳቸው ያቅፋሉ፣ መቆሚያውን እኔ እሸከማለሁ። ዝናብ ሲመጣ የእኔን ጃንጥላ ነጥቀው ለቴሌስኮፑ ይይዙለታል። እኔ እበሰብሳለሁ።

አንድ ምሽት የከተማው ሰው ለማየት ተሰልፎ ሳለ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥተው ሰልፉ ራስ ላይ ቆሙ። ጋሽ ዳምጠው ቀና ብለው ደመናውን አዩና «ከኋላ ያላችሁ ቅደሙ» አሉ። ደመናው ሲመለስ ሁልጊዜ ሳያዩ የሚቀሩት ኋላ ያሉት ናቸው፣ ስለዚህ ጊዜ ያነሰው ይቅደም ነበር ሐሳባቸው። የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ መጀመሪያ አየች። ኃላፊው ሳያዩ፣ ተቆጥተው ሄዱ፤ ጋሽ ዳምጠው ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። የዚያን ቀን ከልቤ ወደድኋቸው። ብዙም አልቆየልኝ።

ቴሌስኮፕ ላይ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሽ ሌንስ አለ፤ እንደሚታየው ነገር ይለዋወጣል። እኛ የነበረን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጠባብ። ሩቁን በጣም ያቀርባል፤ ሰማዩ ግን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ለጨረቃ ጉድጓድ ምንም አይወጣለትም። አባቴ ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ የመጣው።

አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ማር የሚቆርጡበትን ወር የሚያውቁት በሰባቱ ከዋክብት ነው፤ እነዚያ አንድ ላይ ተሰብስበው የሚታዩት። ኮከቦቹ ማታ ማታ ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲሉ አባቴ «ደረሰ» ይላሉ። በኋላ ልባቸው ደከመ፣ ዓይናቸውም ብዥ አለ። አንድ ቀን «ኮከቦቼ ጭስ ሆኑብኝ» አሉኝ። ሐኪሙ ብዙ እንደማይቆዩ ለብቻዬ ነግሮኝ ነበር። ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮከቦቻቸውን ለይተው እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

በጥር ጋሽ ዳምጠውንና ቴሌስኮፑን ይዤ ማንኪራ ወረድኩ። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንድ ኮከብ። ጋሽ ዳምጠው ትንሽ ገፋ አደረጉት፤ ሁለት። አባቴ ቀና አሉና በካፊኖኖ «እነዚህ የእኔ አይደሉም፤ የእኔዎቹ አብረው ነው የሚሄዱት» አሉ። ጋሽ ዳምጠው በዚያው ቋንቋ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ ጥፋቱ የዓይንዎ ሳይሆን የሌንሱ ነው አሏቸው። ሁሉንም አንድ ላይ አሳይዎታለሁ ብለውም ቃል ገቡ። ልብ በሉልኝ፤ ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ለእኔ ሌክቸር ሰጡ። ለተሰበሰቡ ኮከቦች ማቅረብ ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው የማቅረብ አቅሙ ትንሽ፣ ዕይታው ሰፊ የሆነ ሌንስ ነው። አዲስ አበባ ዕቃ ለሚያመጣልኝ ነጋዴ ደወልኩ። በየካቲት ሌንሱ በሚኒባስ መጣ። ማታውኑ ሜዳው ላይ ገጠምነውና አየሁ፤ ሰባቱም መሐል ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ያበራሉ። አባቴ ፊቴ ድቅን አሉ፣ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጋሽ ዳምጠው ግን ቱቦውን ዘወር አድርገው ኮከቦቹን ወደ ዕይታው ዳር ገፏቸው። ዳር ሲደርሱ ክብነታቸው ጠፍቶ እያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ ክንፍ አወጡ። ርካሽ ሰፊ ሌንስ እንዲህ ነው። እሳቸውም ዓይናቸውን አንስተው «መሐሉን ማንም ሌንስ ያሳያል። ጠርዙን አሳዪኝ» አሉ።

ሐኪሙ ያለኝን ነግሬ ለመንኳቸው። ለአባቴ መሐሉ ይበቃቸዋል፣ ቅዳሜ ይዣቸው ልምጣ፣ ሌላው ኋላ ይደርሳል አልኩ። ወይ ፍንክች!

«አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩትን ነገር አበላሽቼ አላሳያቸውም» አሉኝ። የተሻለው እስኪመጣ ጥቂት ሳምንት ታገሺ ብለውኝ ቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ ሱቄን ሳልከፍት ሌንሱን ራሳቸው ለሚኒባሱ ሾፌር ሰጥተው መልሰውታል። የነገረኝ ሾፌሩ ነው። ያስመጣሁት እኔ፣ ሊያዩ የሚጓጉት አባቴ፤ እሳቸው ማን ስለሆኑ ነው? እስከ ዛሬ ሳስበው ቆሽቴ ያራል።

ነጋዴው የተሻለውን ሲፈልግ መጋቢት አለፈ። በሚያዝያ ሰባቱ ከዋክብት ከምሽቱ ሰማይ ወረዱ። ክረምቱ ገባ፣ ደመናው ቦንጋ ላይ ተኛ። በነሐሴ አባቴ አረፉ።

ጋሽ ዳምጠው ለቅሶ ከማንም ቀድመው ደረሱ። በዚያ ጭቃ ወንበር ተሸክመዋል፣ ድንኳን ተክለዋል፣ ከእኛ ጋር አድረዋል። ይህንንም አልክድም። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥተው ሲቀመጡ፣ አሁን ይቅርታ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«በዚያ ሌንስ ቢሆን ኖሮ ክንፍ ያወጡ ኮከቦች ነበር የሚያዩት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ድንኳኑ ሰው ባይሞላው ኖሮ የማደርገውን አላውቅም ነበር።

«አባቴ ክንፍ አይገዳቸውም ነበር» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ከእግዜር ይስጥልኝ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

የተሻለው ሌንስ በኅዳር ገባ። ነይና እዪ ብለው ሰው ላኩብኝ፤ አልሄድኩም። በየዓመቱ ኮከቦቹ ሲወጡ ይልካሉ፤ እኔም እምቢ እላለሁ። ያንን ሌንስ በዓይኔ ላለማየት ምዬ ነበር።

የአርባቸው ዕለት ተማሪዎቻቸው ቴሌስኮፑን ሜዳው ላይ ተከሉት። ሄድኩ። ለጸሎት አልነበረም፤ ጉድለት ፍለጋ ነው የሄድኩት። አንዲት ክንፍ፣ አንዲት ብዥታ አግኝቼ ለዚህ ነው ወይ አባቴን ሳያዩ ያስቀሩብኝ ልላቸው። ሱቅ ዘግቼ ስደርስ የሰልፉ መጨረሻ ሆንኩ። ተማሪዎቹ ግን የመምህራቸውን ሕግ ይዘዋልና ከኋላ ጎትተው አስቀደሙኝ።

ሰባቱም አብረው ነበሩ፤ በመካከላቸው ቁጥር የሌላቸው ትንንሾች ተዘርተዋል። ወደ ቀኝ ዳር ገፋኋቸው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ጫፍ ላይ ደርሰው እስኪጠፉ ድረስ እንደ መርፌ ጫፍ ናቸው። ክንፍ የለም። እንባዬ መጣ። የንዴት እንባ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ግን ለጋሽ ዳምጠው ያለቀስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ።

እንግዲህ ጋሽ ዳምጠው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ፈልጌ አጣሁ። ልክ ነበሩ፤ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ጽፌ ሰጠሁዎት፣ ከእኔ ሌላ ሙገሳ አይጠብቁ። የመለሱትን ሌንስ ግን ይቅር አላልኩዎትም። ጊዜ ያነሰው ይቅደም የሚለው ሕግ የራስዎ ነበር። በዚያ የካቲት ከአባቴ ይበልጥ ጊዜ ያነሰው ማን ነበር? ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ቆመው የነበሩት እሳቸው አልነበሩም ወይ? ደህና ይሂዱ። አባቴን እዚያ ሲያገኟቸው ስለ ጠርዝ አንዲት ቃል አይተንፍሱ። በካፊኖኖ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ ይቅርታ ይጠይቋቸው። እሳቸው ይቅር ካሉዎት፣ ያኔ እኔም አስብበታለሁ።