ያልተገኘችው ብሎን

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ኬንት ባለው ቤታችን፣ ልጄ ሶልያና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፋ ተቀመጠች። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሙዚቃ ማጫወቻ ገዝታለች፤ እሷ ስትወለድ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞር የነበረ፣ ዛሬ ደግሞ ወጣቶች እንደ ቅርስ የሚፈልጉትን ዓይነት። በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዙን ፈልቅቃ ከፈተችው። ውስጡ ያለውን ሃርድ ዲስክ አውጥታ በቦታው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ልታስገባ፣ በተረፈው ቦታ ደግሞ ወፍራም ባትሪ ልታስቀምጥ ነው።

"ዳዲ፣ አንዴ ቻርጅ ካደረግኩት ለቀናት ይቆያል" አለችኝ።

"ቀስ በይ። ባትሪው እንዳይወጋ።"

"አይ ኖው፣ ዳዲ።"

ባለቤቴ ሂሩት ከኩሽና ብቅ ብላ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ሐሳባችን ወዴት እንደሄደ ተግባባን።

ሶልያና በተወለደችበት ዓመት የምንኖረው ከአየር ማረፊያው ሥር ባለችው ሲታክ ከተማ ነበር፤ አንድ መኝታ ክፍል ባላት አፓርትመንት። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ መጠበቅ ለምደን ነበር። እኔ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ግን ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ስለነበር፣ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም።

አማቴ እማማ አስካለ ሂሩትን ሊያርሱ ከደሴ መጡ። ከአውሮፕላኑ የወጡት በዊልቸር ነው። እግራቸውን አሟቸው አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ያን ሁሉ መንገድ እህል ውኃ አልቀመሱም፣ ዓይናቸውንም አልገለጡም። "ሰማይ ላይ ሰው ምን ይሠራል?" አሉኝ፣ ገና ሳይስሙኝ።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአብሹ ሽታ፣ "በር ዝጋ፣ ብርድ አታስገባ" የሚለው ትእዛዝ፤ ቤቱ በአንድ ሳምንት የእሳቸው ሆነ። በጋው ሞቅ ሲል ከአፓርትመንቱ ጀርባ በአጥሩ ላይ ከተንጠላጠለው ጥቁር እንጆሪ በነጠላቸው ጫፍ እየለቀሙ ያመጣሉ። እኔ ፊት ግን አይበሉም፤ አማችና አማት እንዲህ ነው፣ በፍቅርም ቢሆን መተፋፈር አይቀርም። እኔም ብሆን እሳቸው ፊት እግሬን አጣጥፌ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም።

ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ስላቃታቸው፣ መሪጌታ የሆኑት ወንድማቸው ጸሎቱን እያነበቡ በካሴት ቀድተውላቸው ነበር። እኔም ድምፁን ጓደኛዬ በሰጠኝ፣ ሶልያና አሁን እንደገዛችው ባለ አሮጌ ማጫወቻ ላይ ገለበጥኩላቸው። እማማ ማጫወቻዋን "እሷ" ነበር የሚሏት። ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን በሻሻቸው ሥር ሰክተው፣ እሷን በቀሚሳቸው ደረት ከተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሕፃኗን ያባብላሉ። ችግሩ ባትሪዋ ነበር። ጸሎቱ ሳያልቅ ትጠፋለች።

"ደከመች ምስኪን" ብለው ይመልሱልኛል።

የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስሄድ ማጫወቻዋን በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ እሷ እስካገሬ ታደርሰኛለች?" አሉኝ። "የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ካለ እችለዋለሁ። መሐል ሰማይ ላይ ከሞተችብኝ ግን እኔም አብሬ ነኝ።"

"አደርሳታለሁ" አልኩ።

ሃርድ ዲስኩ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው፤ ሲሽከረከር ይበላል። እሱን አውጥቼ በካሜራ ካርድ ተካሁት። በተለቀቀው ቦታ በፖስታ ያስመጣሁትን ትልቅ ባትሪ አስገባሁ። ሽቦውን የበየድኩት የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሂሩት ሽታውን ጠልታ ሕፃኗን ይዛ ወጥታ ነበር። ከዲስኩ ማቀፊያ የወለቁትን፣ ካርዱ የማይፈልጋቸውን፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ብሎኖች በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አኖርኩ። ክዳኑ ለመዘጋት ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ቀጭ ብሎ ገባ። ከዚያ ስንሞክራት አንድ ቀን ከነሌሊቱ ሳታቋርጥ አነበበች። እማማ ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ በፊት ስመውኝ የሚያውቁት ጉንጬን ብቻ ነው።

የጉዟቸው ዕለት ጠዋት አየር ማረፊያው ድረስ ሄድን። ዊልቸር የሚገፉት ጋሽ በቀለ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። "አይዞዎት፣ እስከ በሩ አደርስዎታለሁ" ብለው ይዘዋቸው ፍተሻውን አለፉ። እማማ ዘወር ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉልኝ፤ "እሷ እዚህ ናት" ማለታቸው ነው።

ቤት ተመለስን። ሂሩት እያለቀሰች አልጋ ላይ ጋደም አለች፤ እኔ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ላነሳ ሄድኩ። ሳህኑን አየሁት። ከብሎኖቹ አንዷ የለችም።

ምንጣፉን በመዳፌ ዳበስኩ። ሂሩት የእጅ ባትሪ ይዛ መጣች፤ በጉልበታችን ተንበርክከን ፈለግን። ጠረጴዛው ሥር፣ የሶፋው ትራስ ውስጥ፣ የጫማዬ ክር መሐል። የለችም።

"ብትጠፋ ምን ይሆናል?" አለች።

"ውስጥ ቀርታ ከሆነስ?"

ያ ቀጭ ያለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ክዳኑ ነበር? ወይስ ብሎኗ ባትሪው ላይ ስትጫን? እንዲህ ያለ ባትሪ ቆዳው ከተወጋ ሲጨስና ሲነድ አይቻለሁ። እማማ ደግሞ እሷን የሚይዟት ደረታቸው ውስጥ ነው። ለሂሩት ይህን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። "ሂድ!" ብቻ አለችኝ።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስሮጥ አንድ ነገር ገባኝና ቀስ አልኩ፤ ሰው ሁሉ ሽብር በሚፈራበት በዚያ ዘመን አየር ማረፊያ ውስጥ የሚሮጥ ሰው መሆን አልፈለግኩም። ማንን ነው የማናግረው? ምንስ ብዬ? "አማቴ ደረት ውስጥ እኔ የሠራሁት ባትሪ አለ፣ ሊነድ ይችላል" ልበል? እንግሊዝኛ የማያውቁትን እማማን ፖሊሶች ከብበው ሲያስነሷቸው ታየኝ። ዝም ብልስ? የስንት ሰው ነፍስ የያዘው አውሮፕላን ሲነድ ታየኝ።

ዊልቸሮቹ የሚቆሙበት ቦታ አንዲት ያገራችን ልጅ ዩኒፎርም ለብሳ ቆማለች። ደረቷ ላይ ትዕግስት የሚል ስም አለ። በአማርኛ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አወረድኩባት።

"ቀስ" አለች ዙሪያዋን እያየች። "እዚህ ቤት 'ይነድዳል' የሚለውን ቃል ጮክ ብለህ አትበል። ሶ፣ ለኤርላይኑ ሰዎች እንንገር ወይስ ጋሽ በቀለን ኮል ላድርጋቸው?"

"ጋሽ በቀለን። ካላነሱ ግን ለኤርላይኑ እናገራለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ፣ ዝም አልልም።"

ደወለች። አላነሱም። እንደገና ደወለች። በመጨረሻ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ጋሼ፣ አንዴ ያናግሩት" ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ልናሳፍራቸው ነው፣ ምን ተፈጠረ?" አሉ ጋሽ በቀለ። ነገርኳቸው። "እናቴ፣ ያቺን ዕቃ ይስጡኝ" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የእማማ ድምፅ፤ "አልሰጥም! ማን ነው የጠየቀ?"

"እኔ ነኝ እማማ" አልኩ፣ ጋሽ በቀለ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉላቸው።

"ምን አጠፋች?"

"ውስጧ ብሎን ቀርታ ይሆናል። ባትሪውን ከወጋችው ታቃጥልዎታለች።"

"ወንድሜን ጥዬ እንዴት እሳፈራለሁ ልጄ?" ድምፃቸው ቀጠነ። "እንዳለች እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንደሌለችስ?"

"በእሱም አይደለሁም እማማ። ይለምኑኛል፣ አይያዟት።" ምላሴ ተሳሰረ፤ ልለምናቸው ነበር ያሰብኩት። "እባክዎ" አልኩ።

በስልኩ ውስጥ የተሳፋሪዎች ጥሪ ይሰማል። "እንካ ውሰዳት" አሉ በመጨረሻ፤ ለጋሽ በቀለ። ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ በቀለ ማጫወቻዋን በወረቀት ጠቅልለው፣ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው፣ እንደ ፍም ይዘዋት ወጡ። "ሲገቡ እያለቀሱ ነበር" አሉኝ። ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።

የመኪናዬ ኮፈን ላይ ከፈትኳት። ባትሪው እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው። ጭረት የለውም። ብሎን የለም።

የዚያን ጊዜ ስሜቴን ዛሬም በቅጡ መግለጽ አልችልም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። በላዬ አንድ አውሮፕላን እያጓራ ወደ ላይ ወጣ። የእሳቸው ይሁን የሌላ አላውቅም። ቀና ብዬ እስኪጠፋ አየሁት። ለምንም ሳይሆን የወንድማቸውን ድምፅ ከጆሯቸው ነጥቄ ሰማይ ላይ ብቻቸውን ሰደድኳቸው።

እስኪደውሉ ድረስ እኔና ሂሩት እህል አልበላንም ማለት ይቻላል። የሥራ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ አንድ ጊዜ መንገደኞቼን ከማወርድበት በር አሳልፌ ነድቼ ተጮኸብኝ። ስልኩ ከደሴ ሲመጣ ሂሩት አነሳች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ብሎኗ ነበረች?" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም።

"አልነበረችም። ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"እንኳን አልነበረች!" ሳቁ። "አጠገቤ አንዲት ፈረንጅ ተቀምጣ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሳ እጇን ሰጠችኝ። አጥንቷ እስኪሰማኝ ጨበጥኩት፤ ቀልቶ ነበር፣ አልነጠቀችኝም። ስሟንም አላውቅ። ቋንቋዋንም አላውቅ። ፈራሁ ልጄ፣ አልዋሽህም። ፈራሁና ደረስኩ።"

ማጫወቻዋን የድሮውን ትንሽ ባትሪ መልሼ በመንገደኛ ላክሁላቸው። ቶሎ ትጠፋለች፣ እሳቸው ደግሞ ቻርጀር ላይ እየሰኩ ሲሰሟት ኖሩ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን አልተሳፈሩም። ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ። ብሎኗ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከዚያ አፓርትመንት እስክንወጣ ድረስ ሂሩት ብሎኗን አግኝታ እንዳትውጣት ፈርታ ሕፃኗን ምንጣፉ ላይ አስተኝታት አታውቅም።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ብሎኗ ብትኖር ኖሮ ይህን ታሪክ ሰው ያዳንኩበት ብዬ እያወራሁ እኖር ነበር። ስላልነበረች ለማንም ሳላወራ ቆየሁ። ነገር ግን ስልኩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ የማውቀው ያው ነው፤ መኖሯንም አለመኖሯንም አላውቅም ነበር። የዚያ ዕለት ጠዋት ዳግመኛ ቢሰጠኝ፣ እማማ እንደገና እንደሚያለቅሱ እያወቅኩ፣ እንደገና እደውል ነበር። ይህን ለማለት ድፍረት ለማግኘት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሶልያናን "ተይው" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ላብ ያጠመቀውን እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩና አየኋት።

"ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ?"

"እፈራለሁ" አልኳት። "አንቺ ቀጥዪ።"