ድምፄ አጋሮ ሄደ

ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ቡና ማበጠሪያ ስገባ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በረድፍ እንቀመጣለን፣ ቡናው ፊታችን ይፈሳል፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ለቅመን እናወጣለን። ቀና ማለት አያስፈልግም። ለእኔ የተመቸኝም ይኸው ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ሱቅ ሄጄ ሳሙና ለመግዛት እንኳ ሌላው ገዢ እስኪወጣ ደጅ እቆማለሁ።

ግን እዘፍን ነበር። ቡናውን የሚፈለፍለው የመቀሸሪያ ማሽን ሲነሳ ጎንሽ ያለችው ሴት ብትጮህ አይሰማሽም። ሁላችንም የልባችንን የምናወጣው ያኔ ነው። አንዷ ባሏን ትሰድባለች፣ አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ እዘፍናለሁ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ አፌ ላይ እንደመጣ። ማሽኑ ሲቆም ሁላችንም ዝም።

ያን ሰሞን ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ሰፈራችንን መንደራ ቆጪን ሲዞር ሰነበተ። ከአዲስ አበባ ሙዚቃዊ ቲያትር መጥቷል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ይታያል ይላል። ታሪኩ ስለ ቡና ለቃሚዎች ስለነበር አዘጋጁ ሁለት ሴት ተዋናዮች ይዞ ሥራችንን ሊያሳያቸው መጋዘናችን መጣ። እኔ አቀርቅሬ ስለነበር ሲገቡ አላየሁም። ማሽኑ ይጮሃል፣ እኔ እዘፍናለሁ። በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

ማሽኑ ጸጥ ሲል ድምፄ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። አፌን በሻርፔ ያዝኩ፣ ግን ዘግይቼ ነበር።

“ማናት እሷ?” አለ አዘጋጁ።

አሥር ዓመት ጎኔ የተቀመጠችው አሮጊት በጣቷ ጠቆመችኝ። “ይቺ ናት። እኛማ ዲዳ መስላን ነበር፣ ወላሂ!” መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

አዘጋጁ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። በቲያትሩ ውስጥ የእናቲቱን እንጉርጉሮ የምትዘፍነው ሴት ታማ አዲስ አበባ ቀርታለች አለኝ። “አንቺ ከቻልሽው አጋሮም ቦንጋም አብረሽን ትሄጃለሽ። ከዚያ አዲስ አበባ። ግን እናቲቱ ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየች ነው የምትዘፍነው። ትችያለሽ?”

“እሺ፣ ጋሼ” አልኩ፣ መሬቱን እያየሁ።

እሺ ያልኩት ደፍሬ አይደለም። ከእኛ ጎን ያለው ማበጠሪያ ፍሬውን በራሱ ዓይን የሚለቅም ማሽን አስገብቶ ሴቶቹን ሁሉ አሰናብቶ ነበር። ከለቀማው ወቅት በኋላ እኛም ዘንድ እንደሚመጣ ካቦው ነግሮናል። እኔ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። እማዬ መጀመሪያ “ሴት ልጅ ከዘፋኝ ጋር አገር ለአገር?” ብላ ጮኸች። ስለ ማሽኑ ስነግራት ግን ሁለት ቀሚሴን ራሷ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችልኝ።

ሐሙስ ልምምድ ገባሁ። መድረኩ ላይ አቆሙኝ። ታች የተቀመጡት ተዋናዮች ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆኑ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። አዘጋጁ ውኃ አስመጣልኝ። ጀርባዬን እንድሰጥ ፈቀደልኝ፣ እሱም አልሆነም። እጄን የት እንደማደርገው እንኳ ጠፋኝ። በመጨረሻ፣

“ጋሼ፣ ቡና ቢኖር” አልኩት።

ከመድረኩ ዕቃ መሃል አንድ ሰፌድ ቡና አመጡልኝ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥቁሩን መልቀም ስጀምር ድምፄ መጣ። ስጨርስ አጨበጨቡ። አዘጋጁ ግን አላጨበጨበም። “ድምፁ ይኼው ነው። ነገ ግን ሰፌዱን ትተሽ፣ ቆመሽ፣ እኛን እያየሽ። አደራ።”

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ አዳራሹ ሄድኩ። የድምፅ ባለሙያው ሽቦ ሲዘረጋ አገኘሁት።

“ድምፄን ብትቀዳው፣ መቆም ይቀርልኛል?” አልኩት።

“ይቻላል። ተዋናይዋ አፏን እያንቀሳቀሰች ትሠራዋለች። ጋሼ ያውቃል?”

“አዎ” አልኩ። ውሸቴን ነበር።

የመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ ዘፈንኩለት። ስወጣ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ለቃሚ እንዲህ ናት፤ ንጹሑን ፍሬ አቀርቅራ ታስረክባለች፣ ጆንያው ተሰፍቶ መኪና ላይ ሲወጣ ሥራዬ አለቀ ትላለች። እኔ ግን ድምፄን ሳስረክብ አብሬው የምጫን መሰለኝ። አዘጋጁ ነገሩን ሲሰማ “ይሁን” ብቻ አለ።

ቅዳሜ አሮጊቷንና ፌስታሌን ይዤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞልቷል። እንጉርጉሮው ሲጀምር ወሬኛው ሕዝብ ሁሉ ጸጥ አለ። ነጭ የለበሰችው ተዋናይ እጆቿን ዘርግታ፣ በዓይኗ ሕዝቡን እየቃኘች በድምፄ አለቀሰች። አሮጊቷ በክርኗ ጎሸመችኝ። “ኢንተላ ኮ! ልጄ! ይኼ ያንቺ አይደለም እንዴ?” እንባዋ ይወርዳል። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞሮ “እናንተ፣ ሴትዮዋን እንስማት!” ብሎ ተቆጣን። ሲያልቅ ሕዝቡ ለተዋናይዋ ተነሥቶ አጨበጨበ። እሷም ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰው ከወጣ በኋላ ፌስታሌን ይዤ ከመድረኩ ጀርባ ሄድኩ። አዘጋጁ አየኝ፣ ፌስታሉንም አየው። ፊቱ ተለወጠ።

“እህቴ፣ እኔ የፈለግኩት የምትቆም ሴት ነበር። ድምፁ አሁን እኛ ጋ አለ። መኪናው ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ለሚቆም ሰው ነው።”

“አሁን እቆማለሁ!” አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። “እባክዎ ጋሼ፣ አሁን እቆማለሁ።”

ልቡ ራራ መሰለኝ። ዕቃ የሚጭኑትን አስቁሞ ባዶው አዳራሽ መጀመሪያ ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ወጥቼ ቆምኩ። የሚያየኝ እሱ፣ የድምፅ ባለሙያውና በሩ ላይ የቆመችው አሮጊት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ጣቶቼ ባዶ አየር ይለቅማሉ። ውጭ ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፤ አዘጋጁ በእጁ ቆይ አለው። ደግሞ ነፋ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው አዘጋጁ ተነሣና “በቃ፣ ራስሽን አታስጨንቂ” አለኝ። ያን ያህል በደግነት ባይለው ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ፌስታሉን ተቀበለችኝ። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለቻቸው።

በሳምንቱ አሮጊቷ አጋሮ ያለች እህቷ ቲያትሩን እንዳየች ነገረችኝ። “ያቺ ነጭ የለበሰችው እንዴት ያለ ድምፅ አላት፣ አለችኝ። የማን እንደሆነ ብነግራት፣ ቀላመድሽ ብላ ሳቀችብኝ።”

የዚያን ዕለት ከሰዓት መብራት እንደገና ሄደ። ማሽኑ ቆመ። በፊት ቢሆን ሁላችንም እንዳቀረቀርን ዝም እንል ነበር። አሁን ግን ረድፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ባሏን የምትሰድበው ሴት ሳትቀር። “በይ እንጂ” አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ። ቡናው ፊቴ ነበር፣ ማቀርቀርም እችል ነበር። ግን አሁን እንደሚያዳምጡኝ አውቄያለሁ። እጄን ፍሬው ላይ አድርጌ መብራቱ እስኪመለስ ጠበቅኩ።