የተወለወሉት ቫልቮች

አንድ ተራ ቀን አባባን መጀመሪያ የሚያስከፍላቸው ወገባቸውን ነው፤ ጠዋት እንዳጎነበሱ ማታ እስኪነሱ አይቃኑም። ቀጥሎ ጣቶቻቸውን፤ መበየጃው ያልለበለበው የላቸውም። ከዚያ ዓይናቸውን፣ አሁን አሁን ደግሞ ጆሯቸውን። ከባለቤታቸው ከእማማ ጋር የሚገጥሙትን ጭቅጭቅም ጨምሩበት፤ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ሁላችን የምንበላበት ስለሆነ እሱ አይቀርም።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። የድሮ የጊታር አምፕሊፋየር ይጠግናሉ፤ ያንን በቫልቭ የሚሠራውን፣ ጀርባው ሲከፈት አምፑል የሚመስሉ ብርጭቆዎች ቀላ ብለው የሚታዩበትን። እንዲህ ያለ አምፕ ይዞ የሚመጣላቸው አሁን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ሰፈሩ ጋሼ ጊታር የሚላቸው።

ጋሼ ጊታር ሆቴል ውስጥ እየተጫወቱ ነው የሚተዳደሩት። ባለፈው ሳምንት ዘፈን መሀል ድምፁ ተቋረጠባቸው። ባለሆቴሉም፣ «ቅዳሜ ከደገመዎት ዘፈን በተጫነባት አንዲት ፍላሽ እተካዎታለሁ» አላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምፑንና በካርቶን የያዙትን አምስት ቫልቭ ይዘው መጡ። ቫልቮቹን ከአንድ የተዘጋ ሙዚቃ ቤት ለምነው ነው ያገኙት። አባባ አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ሌላውንም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጽሑፋቸውስ?»

«የምን ጽሑፍ?»

«ብርጭቆው ላይ የነበረው ነዋ።»

«እኔ ያየሁት አቧራ ነው። ሰው ቤት እንዲህ ይዤ አልገባም ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኳቸው።»

«ስማቸውን አጥበህ አመጣህልኝ በለኛ» አሉ አባባ። «እንግዲህ ማን ማን እንደሆነ አንተ ጠይቅልኝ።»

የቫልቭ ዓይነት የሚታወቀው ብርጭቆው ላይ በታተመ ስስ ቀለም ነው፤ ውኃ ሲነካው እንደ አመድ ይለቃል። ዓይነታቸው የተለያየ ሆኖ እግራቸው የሚመሳሰል አለ። ያልሆነው ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ አምፑ አበቃለት።

ስለዚህ አባባ ሆድ ሆዳቸውን እያዩ ይለዩ ጀመር። አንዱ አናቱ ላይ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ ሲገባው ወተት መስሏል፤ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። የሌላው የውስጥ ብረት ቀጠን ይላል፤ የእኛ ዓይነት አይደለም። የቀሩትን እየሰኩ በእርሳስ ቆርቆር አደረጓቸው።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ያንቺ ጆሮ ይሻላል።»

ልጄን እንዳቀፍኩ ጠጋ አልኩ። አንደኛው ሲነካ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ብርጭቆ በማንኪያ የተመታ ያህል ያቃጭላል። ነገርኳቸው፤ ወደ ጎን አደረጉት።

ሁለት ቀሩ። አምፑ የሚፈልገውም ሁለት ነው፤ ግን እንደ ጥንድ በሬ እኩል መሳብ አለባቸው። አባባ በቴስተር ለክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስካቸው በቃ፣ ከምንም ይሻላሉ» አሉ ጋሼ ጊታር።

«እኔ መች ጠላሁ? እነሱ ናቸው ያልተስማሙት።»

«ስንቱ ትዳር እንደዚህ ሆኖ ይኖር የለም እንዴ?»

«አንዱ እየተቃጠለ» አሉ እማማ ከወጥ ቤት።

ተሰኩ። ጋሼ ጊታር ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ቤቱ ሞቅ አለ፣ ልጄ እግሯን ታወናጭፍ ገባች። እኔም በልቤ ሊሆን ነው ብዬ ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ የአንዱ ቫልቭ ሆድ ፍም መሰለ። አባባ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫኑት።

«ቅዳሜን አይዘልቅም» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጋሼ ጊታር ገመዳቸውን ይጠቀልሉ ጀመር። ጠቅልለው ሲጨርሱ ፈተው እንደገና ጠቀለሉት። «ፍላሿ አትታመምም፣ አታረጅም» አሉ።

ከሄዱ በኋላ አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ፤ ለሰው ንገሪልኝ» አሉኝ። ለቅዳሜ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን የሚስማማ ጥንድ ቫልቭ የሆነ ሰው ቤት አይጠፋም ባይ ነኝ። ልመናቸው ይህ ነው፦ «የድሮ ራዲዮ ወይም አምፕ አልጋ ሥር ወይ ቆጥ ላይ የጣላችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አሳዩኝ። ስታመጡም እንዳለ፣ ከነአቧራው አምጡልኝ።»