ስድስት የመቀነስ ምልክቶች

አክስቴ በሒሳብ ትምህርት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን በእርሳስ ጽፈው ያመጡላታል፤ እሷ ትተይብላቸዋለች። ሒሳብ አልተማረችም። ዓይኗ ከመልመዱ የተነሳ ግን የተረሳ ቅንፍ አያመልጣትም። «ይቺን ዘለሃታል» ስትል ሁሌም ልክ ነበረች፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

አምና አንድ ቀጭን ተማሪ ሥራውን አመጣ። ስለ አንድ ዓይነት ማትሪክስ፣ በረድፍና በዓምድ ስለተደረደሩ ቁጥሮች ነው፤ ቁጥሮቹም፣ ከውስጡ ተቆርጦ የሚወጣ ከየትኛውም ትንሽ ካሬ የሚሰላው ዲተርሚናንት የሚባል ውጤትም ከዜሮ አያንሱም። እንዲህ ያለው ማትሪክስ እንዴት ወደ ቀላል ማትሪክሶች ብዜት እንደሚፈታ ነበር የጻፈው።

አክስቴ ረቂቁን ቤት ይዛው መጣችና አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ከዜሮ የሚያንስ የለም ብሎ ሲያበቃ፣ እዚህ 2 ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጓል። አንቺ የተማርሽው፣ ተሳስቶ አይደል?»

እኔ የተማርኩት ግጥም ነው። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

«ይመስለኛል» አልኳት።

ስትተይብ ስድስት ቦታ ላይ ምልክቱን ሳትጽፈው አለፈች። ልጁም ጊዜ ስላጠረው፣ «እትዬ ካዩት እኔ ምን አያለሁ» ብሎ ሳያነበው አስረከበ።

ጽሑፉን ለማስረዳት በቆመ ዕለት ፈታኙ መምህር ማትሪክሶቹን ሰሌዳ ላይ አባዛቸው። ዜሮ መውጣት ያለበት ቦታ አራት ወጣ። ለካ አንዱን ረድፍ ከሌላው እየቀነሱ ዜሮ ለማግኘት ምልክቱ የግድ ነው፤ የሚጠፋው በኋላ፣ የእያንዳንዱ እርምጃ ተገላቢጦሽ ሲወሰድ ነው። ልጁ ለረዳት መምህርነት ታጭቶ ነበር፤ ቦታው ለሌላ ይሰጥ እንደሆነ ሐሙስ ሊወሰን ተቀጠረ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አክስቴ ቢሮ ሄደ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ በከንቱ አደከምኩዎት። የገዛ ሥራዬን እንኳ በትክክል መገልበጥ አቃተኝ።»

ረቂቁ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስድስቱም ምልክቶች ደምቀው።

«አይዞህ አልኩት እኮ!» አለችኝ ማታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «እኔ! አይዞህ!»

 ሐሙስ ጠዋት ረቂቁን ደረቷ ላይ ለጥፋ የስብሰባውን በር አንኳኳች።

«ልጁ አልተሳሳተም። ያረምኩ መስሎኝ ምልክቶቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አርሚ አለሽ?» አላት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ።

«ማንም» አለች። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አንድ ሽማግሌ መምህር፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ስታርሚን ኖረሽ አንድ ቀን ብትስቺ ምን አለ? ይቺን እለፉላት!» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ልጁ ቦታውን አገኘ፤ ዛሬም ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል። ያ ሰላምታ ነው የሚከብዳት። አሁን የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ተማሪው ታዞርና፣ «ቁጭ በል፤ እያንዳንዷን አብረኸኝ እያት» ትላለች። «እትዬ ፈሩ!» እያሉ ይቀልዱባታል።

ትናንት ሌላ ረቂቅ ይዛ መጣች።

«ይሄስ ቅንፍ ተዘሎ ይሆን?»

«አላውቅም፣ አክስቴ። ያኔም አላውቅም ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እርሳሷን አንስታ ከቅንፉ ጎን በስሱ የጥያቄ ምልክት አደረገች።

«ነገ ባለቤቱን እጠይቀዋለሁ» አለች።