ዐሊማ የገዛችው ኹፍ

በደሴ ፒያሳ አቡጀዲና ሽርጥ የሚሸጠው ኢስሐቅ ስኳር እንዳለበት ካወቀ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ነርሷ «እግርህን በየቀኑ ተመልከት» ባለችው ቁጥር ይስቅባት ነበር። «ለሶላት በቀን አምስቴ የማጥበውን እግር ደግሞ ምን ልመልከተው?» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያይለት ሌላ ሰው ነበረው። ሚስቱ ዐሊማ ከሱብሒ ሶላት በፊት ጎህ ሳይቀድ ውሃ አሙቃ ራሷ ታስታጥበው ነበር። እግሩ ከደነዘዘ ወዲህ እሱ የማይሰማውን እሾህና ጭረት የሚያገኘው የእሷ ጣት ነበር።

ባጃጅ ደሴ ላይ መታየት በጀመረ ሰሞን፣ በኅዳር ብርድ፣ ዐሊማ በብርዱ መታጠቡ አሳዘናትና ከኮምቦልቻ ኹፍ፣ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ የቆዳ ጫማ፣ ገዛችለት። ኹፍ እግር ታጥቦ ከተጠለቀ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ ለሶላት ላዩን በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል፤ ሸሪዓው ፈቅዷል። ኢስሐቅ ደስታውን አልቻለም። «ከእንግዲህ በብርዱ አትነሺ፤ በቀን አንዴ መታጠቡን ለኔ ተዪው» አላት። እሷም ሰው ናትና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኛች። ያቺን እንቅልፍ እስከ ዛሬ ትረግማታለች።

የኹፉ ስፌት ትንሿን ጣቱን ይልጣት ጀመር። እሱ አልተሰማውም፤ በድንግዝግዝ ውሃ ረጨት አድርጎ መልሶ ያጠልቃል። በሁለተኛው ሳምንት ዐሊማን አንድ ነገር ሸተታት። የአዲስ ቆዳ ሽታ መሰላትና፣ ጁምዓ ዕለት ኢስሐቅ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ኹፉን ወስዳ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ኹፉን እንጂ እግሩን አላየችም።

ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው «ብርድ ነው» ተባለ። ሐኪም ቤት የደረሱት እግሩ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ መግል ማፍሰስ ሲጀምር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ የምንቆርጠው ጣቷን ብቻ ነበር» አለ። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

«ወላሂ አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው» ይላታል ኢስሐቅ። ቀደር መሆኑን እሷም አትክድም። ኹፉን የገዛችው ግን እሷ ናት።

ኅዳር ተመልሶ ሲመጣ ኢስሐቅ ሊያስቃት ሞከረ። «ያን ኹፍ አምጪልኝ እንጂ፤ ለአንድ እግር አንዱ ይበቃል።»

«አቃጥዬዋለሁ» አለችና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተንበረከከች። የቀረችውን እግር አጠበች፤ የጣቶቹን መሃል አንድ በአንድ ፈልቀቅ እያደረገች አየች፤ ደግማ አየች።

«አምስት ናቸው እኮ» አላት። «ትናንትም አምስት ነበሩ።»

«አሥር ነበሩ» አለች ዐሊማ፣ ቀና ሳትል።