ፈትጌ ያጠብኳት ስላይድ

ባለቤቴን ፈልገው መጡ፤ ስላላገኙት እኔን ወሰዱኝ። ሦስት ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ የምድጃውን እሳት አጥፍቼ ወጣሁ። ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳው ገና የጤፍ አቧራ ይሸታል። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

በሦስተኛው ወር ለግቢው ክሊኒክ የሚያጸዳ ሰው ሲፈለግ እኔ ተመረጥኩ። የላቦራቶሪ ባለሙያውም እንደኛው እስረኛ ነበር። ዶክተር ስንለው፣ "ዶክተር አይደለሁም፤ ደም አያለሁ እንጂ" ይለናል። እጁ ላይ የነበሩት አንድ ማይክሮስኮፕና ጥቂት ስላይዶች ናቸው። ስላይድ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን መስታወት ናት። ደሙን ይቀባባታል፣ ቀለም ያደርግባታል፣ ከላይ አንድ ጠብታ ወፍራም ዘይት ጠብ አድርጎ ያያል። ዘይቱ የጥድ ሽታ አለው፤ ቶሎ ካልተነሳ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ስላይዶቹ ስለማይበቁ፣ እሱ አይቶ ሲጨርስ ዘይቱን በቤንዚን አነሳለሁ፣ በሳሙና አጥባለሁ፣ እቀቅላለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ማጠብ ግን እችላለሁ።

ከጎኔ የምትተኛ አንዲት ተማሪ ትኩሳት ያዛት። ባለሙያው ደሟን አይቶ ግርሻ ነው አለ፤ ቅማል የሚያመጣው ትኩሳት። መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ የለም፤ ሆስፒታል ካልሄደች ትሞታለች። የግቢው ኃላፊ መቶ አለቃ ግን በእስረኛ ቃል ሰው አላስወጣም አለ። በማግስቱ የሆስፒታል ሐኪም መጥቶ ስላይዷን ራሱ እንዲያያት ተወሰነ።

"እትዬ፣ ከዚችኛዋ ዘይቱን ብቻ ያንሱልኝ" ብሎኝ ባለሙያው ወጣ።

ዘይቱን አነሳሁ። ከሥሩ ሐምራዊ እድፍ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእጄ የወጣ ስላይድ ሁሉ ንጹሕ ነበር። እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ፊት እድፍ ያለበት ዕቃ እንዴት ይቀርባል? በሳሙና ፈተግኳት፣ በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኳት፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኳት።

ባለሙያው በማግስቱ ጠዋት ወደ መስኮቱ አንስቶ አያት። እድፍ ያልኩት ለካ ቀለም የገባው የልጅቷ ደም ነበር። አልተቆጣም። ሄዶ እንደገና ደም ወሰደ። ግን የልጅቷ ትኩሳት በርዶ ነበር። ግርሻ እንደዚያ ነው፤ ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርግ ደሙ ውስጥ አይታይም።

ሐኪሙና መቶ አለቃው ገቡ።

"ስላይዷ እኔ እጅ ላይ ተበላሽታለች" አለ ባለሙያው።

"በሽታ ፈጥረህ እስረኛ ልታስመልጥ ነው?" አለው መቶ አለቃው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቋ ልጄ ስንቅ ይዛ ትመጣ ነበር። በሽቦው በኩል ፊቷን የማየው ያን ቀን ብቻ ነው። ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም። በእጄ የያዝኩትን ጨርቅ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ መልሼ አጠፍኩት።

"እኔ ነኝ ያጠብኳት" አልኩ። "እድፍ መስሎኝ። እንግዳ ይመጣል ብዬ።"

ሐኪሙ ስላይዷን አገላበጣት። "እንዲህ የጠራ ስላይድ እንኳ እኛም ጋ የለም" አለ። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ፣ ትኩሳቱ ሲመለስ ደም ተወስዶ ከነልጅቷ ይላክልኝ አለው። መቶ አለቃው እሺ አለ።

"አንቺ ግን ሁለት ቅዳሜ ጠያቂ አይገባልሽም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የልጅቷን ግንባር ስዳብስ ሰነበትኩ። ሰው እንዲያተኩሰው መመኘት ከባድ ነው። በስድስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ባለሙያው ደሟን አየ፤ ተመልሷል ብሎ ስላይዷን ለኔ ዘረጋልኝ።

"ኧረ አንተው አንሳው፣ እጄ አያርፍም።"

"ያርፋል። አይፈትጉ። ቤንዚኑን ጠብ አድርገው ይተዉት፣ ራሱ ይወርዳል።"

ስላይዷን ጥጥ ላይ ዘንበል አድርጌ ጠብ አደረግኩ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ወደ ጥጡ ወረደ፤ ሐምራዊው ቀረ። ባዶ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ልጅቷ እጅ ላይ አስያዝኳት፤ በመኪና ወሰዷት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉሯን ተላጭታ ተመለሰች።

"እትዬ፣ ደሜን እንደ ድስት ፈተጉት አሉ" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሐኪሙ ነዋ። መርፌ ሊወጋኝ በመጣ ቁጥር ይስቃል።"

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሎስ አንጀለስ ነኝ፤ የአበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ መንገድ ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ። ልጄ እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ስንቋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ እንደተመለሰች የነገረችኝ እዚህ ከመጣን በኋላ ነው፤ ፒኮ ጎዳና ላይ ባስ ስንጠብቅ። የኮቷን ቁልፍ ቆለፍኩላት።

እዚህ ስላይድ የሚታጠበው ጥቂቱ ነው። የሚጣል አለ፣ የሚቀመጥም አለ። ላቦራቶሪው ውስጥ የምትሠራው ልጅ የአገሬ ልጅ ናት።

"ይቺ ትቀመጣለች?" እላታለሁ።

"እትዬ፣ ሣጥኑ ላይ ሌብል አለው እኮ። ኪፕ ካለ ይቀመጣል፣ ሌላውን ትራሽ አድርጊው፣ ኦኬ?"

"አንብቤዋለሁ። አንቺም በአፍሽ ንገሪኝ።"

"ሶ፣ በየቀኑ ልትጠይቂኝ ነው?"

"በየቀኑ።"

ሳቀች፤ ግን ዓይኗን ከሥራዋ አንስታ ስላይዷን አየችልኝ።

"ትቀመጣለች" አለች።

ዘይት የሚመጠውን ለስላሳ ወረቀት ስላይዷ ላይ ጣል አደረግኩና፣ ሳልጫን፣ ቀስ ብዬ ሳብኩት።