ድንጋይ ቀቢው

የሰፈሩ ሰው «ድንጋይ ቀቢው» የሚላቸው ከዚያ በጋ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ለኪ ብቻ ነበሩ። ጠዋትና ማታ ድልድዩ ሥር ወርደው፣ የወንዙን ከፍታ ከተተከለው ባለቁጥር ብረት ላይ አንብበው ይመዘግባሉ፤ ደለሉ እንዲመረመርም አንድ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ አንዲት ልጃቸው ያለችው ሩቅ ከተማ ነው። አንዳንድ ቀን ከሰው ቃል ሳይለዋወጡ ይመሽባቸዋል።

በዚያ በጋ ከውሃ ቢሮ አንድ መሐንዲስ መጣ። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ሰፍቶ ከሚታጠፍበት ላይ፣ የመጠጥ ውሃ መጥለፊያ ሊሠራ ነው። ውሃው ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

«እዚህስ አይሆንም» አሉት። «ይቺ ወንዝ በክረምት የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አምጥታ ትደፍነዋለች።»

«ይቺ? በዓይንዎ አይተዋል?»

«ደፍርሶ ምን ይታያል? በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

መሐንዲሱ ሳቀ። «በጆሮ ሰማሁ ተብሎ ሪፖርት አይጻፍማ፣ አባቴ!»

ነገሩ ከነከናቸው። በር ሲቀቡ የተረፈ ቀይ ቀለም ነበራቸው። መቶ ድንጋይ፣ ከእንቁላል የሚያንሰውንም ሁለት እጅ የሚፈልገውንም፣ ቀብተው ቁጥር ጻፉበትና ከድልድዩ በላይ ወንዙ ውስጥ ደረደሩት። ወሬው ልጃቸው ጋ ደረሰ።

«አባዬ፣ ድንጋይ ይቀባል አሉኝ። ደህና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ።»

«ብቻህን መሆኑ ነው። በቃ፣ እኔ ጋ ና።»

«ክረምቱ ይውጣ።»

ጎርፉ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረደ። መጀመሪያ ጭቃው መጣ፤ ውሃው ሲበረታ አሸዋው ተነሣ፣ ቀጥሎ ጠጠሩ። ሁለት ሜትሩን ሲያልፍ ከሥር ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ድልድዩ እግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ሰማሽ?» አሉ ዞር ብለው።

ሚስታቸው ጃንጥላ ይዘው ይቆሙበት በነበረው ቦታ ዝናቡ ብቻ ይወርዳል።

ውሃው ሲጎድል ሦስት ቀን ሙሉ በሜትር እየለኩ ፈለጉ። ሰባ አንዱን አገኙ። ትንንሾቹ ርቀው ሄደዋል፤ ትልልቆቹ ግን ወንዙ ሰፍቶ ጉልበቱ የሚደክምበት፣ ያችው መታጠፊያ ላይ ተከምረዋል። ይህንኑ ለውሃ ቢሮ ጽፈው ላኩ።

መሐንዲሱ ይመጣል ሲባሉ ቤታቸውን ጠረጉ፤ ከጎረቤት ወንበር ተዋሱ። ሰውየው ክምሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ ቀዩን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ረቱኝ፣ አባቴ። መጥለፊያውን ወደ ላይ፣ አለቱ ጋ እናዛውረዋለን።»

«እስቲ ቤት ግባ፣ ልጄ፤ የሃያ ሁለት ዓመቱን መዝገብ ላሳይህ።»

«ሌላ ጊዜ። ሾፌሩ እየጠበቀኝ ነው።»

እሑድ ልጃቸው ስትደውል ሁሉንም አጫወቷት። «ጎበዝ አባዬ!» አለች፤ ከኋላዋ ልጆቿ ይንጫጫሉ። «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ።»

ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪጨልም ተቀመጡ።